ሰልጣኙ "የራሴን እከፍታለሁ" የሚለው ሀሳብ ከየት ይመጣል? የትስ ይገባል?

ባለመብራቱ፦
ሰላም ለዚህ ቤት። የኤሌክትሪክ ዝርጋታ አሰልጣኝ ነኝ። ዘንድሮ የስራ ፈጠራ ትምህርቱም እኔ ላይ ተደረበ። ሞጁሉን ከፈትኩት። የመጀመሪያው ምዕራፍ የስኬታማ ስራ ፈጣሪ ባህሪያትን ይዘረዝራል። ደፋር፣ ታታሪ፣ ራዕይ ያለው፣ ተስፋ የማይቆርጥ። ፈተናው ደግሞ ዝርዝሩን መልሶ መጻፍ ነው። ይህን ሸምድዶ ጋራዥ የከፈተ ሰው እስካሁን አላየሁም።

የሚያሳስበኝ ግን ሌላ ነው። ልጆቹ ሲገቡ ብትጠይቋቸው አብዛኞቹ "የራሴን ስራ ነው የምከፍተው" ይላሉ። ሊመረቁ ሲሉ እነዚያው ልጆች "እስቲ መጀመሪያ ልቀጠር" ይላሉ። በመሃል ያስተማርናቸው እኛ ነን። ይህ ሀሳብ ከምን ይወለዳል? ምን ያቀዘቅዘዋል? እኔ ወርክሾፕ ውስጥ ቆሜ ልነካው የምችለው የትኛውን ነው? ጥናት ያነበበም፣ በስራው ያለፈም ይንገረኝ። "በራስ መተማመናቸውን ገንባላቸው" የሚለው ምክር ብቻ ይለፈኝ። እሱ ሞጁሉም ላይ አለ።

ቁጥር ወዳጅ፦
መምህር፣ ጥያቄህ ብዙ ተጠንቷል። አብዛኛው ጥናት የሚነሳው አይዘን ከሚባል የስነ ልቦና ምሁር ነው። ይበልጥ የሚታወቀው እ.ኤ.አ. በ1991 ባወጣው ጽሁፍ ነው (ከዚህ በታች የምጠቅሰው ዓመት ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው)። እሱ እንደሚለው ሰው አንድ ነገር ለማድረግ ሲያስብ ሶስት ነገር ይመዝናል። ነገሩን ይወደዋል ወይ? የሚያከብራቸው ሰዎች ምን ይሉታል? አደርገዋለሁ ብሎስ ያምናል?

ወደ ስራ ፈጠራ ስታመጣው ሶስቱ እኩል አይገፉም። ሰው ምን ይለኛል የሚለው ብዙ ጊዜ በቀጥታ ያለው ጉልበት ትንሽ ሆኖ ይገኛል። ሊኛንና ቼን በ2009 ያሳተሙት፣ ስፔንና ታይዋን ላይ የተሞከረው መጠይቅም ወደዚያው ያመለክታል። የቤተሰብ ቃል የሚሰራው ዞሮ ነው። መጀመሪያ ስራውን ያስወድድሃል ወይም ያስፈራሃል። ከዚያ በኋላ ነው ሀሳብህን የሚነካው። "እችላለሁ" የሚለው እምነት ግን በቀጥታ ይገፋል።

ይህ እምነት ከየት ይመጣል ካልክ ባንዱራ አለልህ። በ1977 አራት ምንጭ ዘርዝሯል። ራስህ ሰርተህ ሲሳካልህ፣ እንዳንተ ያለ ሰው ሲሳካለት ስታይ፣ ሰው "አይዞህ" ሲልህ፣ አራተኛው ደግሞ የገዛ ሰውነትህ ስሜት፣ ማለት ፍርሃቱና መረጋጋቱ። ከሁሉም ጠንካራው የመጀመሪያው ነው። ያንተ ሞጁል የተንጠለጠለው በሶስተኛው ነው። በአይዞህ።

ባለብየዳው፦
ቁጥር ወዳጅ ጥሩ ብለሃል። ግን "ሰርቶ ሲሳካለት" ስትል ምኑን ሰርቶ ነው? ብየዳውን ከሆነ ብየዳማ ይችላሉ።

የራሴ ወርክሾፕ አለኝ። ለተግባር ልምምድ የሚላኩልኝ ልጆች አሉ። የአንዳንዶቹ እጅ አይታማም። ስፌታቸው ሲያዩት ያምራል። ታዲያ ደንበኛ ገብቶ "ይህን በር በስንት ትሰሩልኛላችሁ?" ሲል ሁሉም ዞረው እኔን ያያሉ። "እናንተው ንገሩት" ስላቸው ላብ ያጠምቃቸዋል።

ወረቀት ሰጥቼ አስደምራቸዋለሁ። ላሜራውን ይጽፋሉ። ቱቦላሬውን፣ ማጠፊያውን፣ ቁልፉን፣ ቀለሙን ይጽፋሉ። በቃ። ኤሌክትሮዱስ? ረስተውታል። የመቁረጫ ዲስኩስ? የለም። ከብረቱ ተቆርጦ የሚጣለውስ? የመብራቱ? የማጓጓዣው? በሩ ሲገጠም ግድግዳው ጠማማ ሆኖ የሚያልቀው ግማሽ ቀንስ? መጨረሻ ላይ "የእጅ ዋጋችሁ የታለ?" እላለሁ። ይተያያሉ። የራሳቸውን ጉልበት በነጻ መድበውታል።

ይህን ደጋግሞ የሰራ ልጅ ይለወጣል። እኔ ለደንበኛ ዋጋ ስነግር በጎን ቆሞ በልቡ ያሰላል። አንድ ቀን "ጋሼ፣ ያንን ስራ በዚያ ዋጋ መያዝ አልነበረብዎትም" ይለኛል። ያን ጊዜ ልቡ እንደሸፈተ አውቃለሁ። ብዙም ሳይቆይ ይሄዳል። እናም መምህር፣ ልጆችህ እንችላለን የሚሉት ግማሹን ነው። መስራቱን። ዋጋ መጥራቱን፣ ቀብድ መቀበሉን፣ የቀረ ሂሳብ መጠየቁን ማንም አላሰራቸውም። ሊመረቁ ሲሉ ወደ ቅጥር የሚያፈገፍጉት ያልያዙት ግማሽ ስለሚታያቸው ነው። እኔ እንዲህ ነው የማየው።

ባለመብራቱ፦
የቀረ ሂሳብ መጠየቅ ያልከው ነገር ነካኝ። ጎበዝ ኤሌክትሪሻን ሆኖ፣ የሰራበትን ገንዘብ ለመጠየቅ የሚያፍር ሰው ስንቱን አውቃለሁ።

ቀጥታ፦
ሁላችሁም ስምምነት ላይ ናችሁና እኔ ልረብሽ። ለምንድን ነው የሙያ ሰልጣኝ ተነጥሎ "ስራ ፍጠር" የሚባለው? ባለ ዲግሪ ስራ ሲፈልግ ስራ ፈላጊ ነው። የሙያ ተመራቂ ስራ ሲፈልግ ግን "የአመለካከት ችግር አለበት" ይባላል። ቅጥር ሲጠፋ ሸክሙን ልጆቹ ትከሻ ላይ መጣል ይመስለኛል። ደግሞስ "መጀመሪያ ልቀጠር" ማለት ምኑ ነው ችግሩ? እኔ እንደዚህ የሚል ልጅ ሳይ የሚያስብ ልጅ አየሁ ነው የምለው።

ባለብየዳው፦
በዚህ አልከራከርህም። የሰው ብረት ላይ ተምሮ የሚመጣ ልጅ ይሻለኛል። 😀

ቁጥር ወዳጅ፦
ቀጥታ ያነሳው ነጥብ በጥናቱም ውስጥ አለ። ሻፔሮና ሶኮል በ1982 እንደጻፉት ሰው ድርጅት የሚከፍተው ወይ የሚስብ ነገር አይቶ ነው፣ ወይ አንድ ነገር ከነበረበት ሲያፈናቅለው ነው። ከስራ መባረር፣ መሰደድ፣ ትምህርት መጨረስ እንኳን አንዱ ማፈናቀያ ነው። ግን ተፈናቃይ ሁሉ አይከፍትም። የሚከፍተው ነገሩ የሚፈለግና የሚቻል መስሎ ከታየው፣ በዚያ ላይ እርምጃ የመውሰድ ልማድ ካለው ነው። መጠይቁ ላይ የሁለቱም ልጆች መልስ አንድ ይመስላል። ስራ አጥቶ "የራሴን እከፍታለሁ" ያለውና ገበያ አይቶ ያለው ሁለቱም አንድ ሳጥን ውስጥ ምልክት ያደርጋሉ።

ስለመቀጠሩ ደግሞ፦ አዙሌና ባልደረቦቹ በ2020 ባሳተሙት ጥናት አሜሪካ ውስጥ እጅግ ፈጥነው ያደጉትን ድርጅቶች፣ ማለትም ከ1,000 አንዱን፣ ነጥለው መስራቾቹ በመሰረቱበት ጊዜ ስንት ዓመታቸው እንደነበር አይተዋል። አማካዩ 45 ነው። በዚያው ዘርፍ ቀድሞ መስራትም የስኬት ዕድልን ከፍ እንደሚያደርግ አግኝተዋል። ስለዚህ መምህር፣ ሊመረቅ ሲል "ልቀጠር" ያለህ ልጅ ሀሳቡን ጥሎት ላይሆን ይችላል። ቀጠሮ ሰጥቶት ይሆናል። ስትጠይቅ "ወዲያው ትከፍታለህ?" እና "አንድ ቀን ትከፍታለህ?" የሚሉትን ለያይተህ ጠይቅ። መልሱ ይለያያል።

የጋራዥ ልጅ፦
የመኪና ጥገና ሰልጣኝ ነኝ። ሴት ነኝ። እስካሁን የተባለውን አንብቤ አንድ ነገር ጎደለኝ።

ልምምድ የወጣሁበት ጋራዥ ደንበኛ ይመጣል። እኔ ኮፈኑን ከፍቼ እያየሁ ነው። "እስቲ መካኒኩን ጥሪልኝ" ይለኛል። ዘይት የነካ ቱታ ለብሼ፣ ቁልፍ ይዤ። ወንዱ ጓደኛዬ ከእኔ በኋላ ነው የመጣው፤ እሱን ግን ማንም እንዲህ አይለውም። እኔ ብሎን መፍታት አላቃተኝም። የሚያቅተኝ ሰው መኪናውን አምኖ ይሰጠኛል ብሎ ማሰብ ነው። ታዲያ የእኔ "እችላለሁ" ከየት ይምጣ? ራሴ ሰርቼ ቢሳካልኝም ምስክሩ ለሌላ ሰው ይሰጣል።

ሌላው፣ ኮሌጁ ተጋባዥ እንግዳ ሲጠራ ሁሌ ትልልቅ ባለሀብት ነው የሚያመጣው። "ከምንም ተነስቼ" ብሎ ይጀምራል። እናጨበጭባለን። ከዚያ ወርክሾፕ ተመልሰን ያው ነን። ጋራዥ ያላት ሴት ግን አይቼ አላውቅም።

ቁጥር ወዳጅ፦
እህቴ፣ ያልሽው ከጥናቱ ጋር ይገጥማል። ዊልሰን፣ ኪከልና ማርሊኖ በ2007 ያሳተሙት አለ። ወጣት ሴቶች ንግድ ለመክፈት "እችላለሁ" የሚለው ግምታቸው ከወንዶቹ ዝቅ ብሎ ተገኝቷል። ደግሞ እዚያው ጥናት ላይ፣ የንግድ አስተዳደር ማስተርስ (MBA) ተማሪዎች ዘንድ፣ የስራ ፈጠራ ትምህርት በዚህ ግምት ላይ ያለው ውጤት ለሴቶቹ ይበልጥ ጠንካራ ነበር። ስለ እንግዳው ያልሽው ደግሞ ባንዱራ ራሱ የሚለው ነው። አርአያ የሚሰራው ተመልካቹን ሲመስል ነው። ባለሀብቱ አንቺን አይመስልም። ከሁለት ዓመት በፊት የተመረቀች፣ ገና ኪራይ የሚያስጨንቃት ልጅ ብትመጣ ይሻላል።

የነጋዴ ልጅ፦
ቤተሰቡንስ ለምን ረሳችሁት? እኛ ቤት እራት ላይ የሚወራው "የትኛው ዱቤ ወስዶ ጠፋ፣ የትኛው ዕቃ ተወደደ" ነበር። ማንም ስራ ፈጠራ ብሎ አላስተማረኝም። ኪሳራ ግን በልጅነቴ አይቻለሁ፤ ሰው ከስሮም እንደሚኖር አውቃለሁ። ክፍል ውስጥ ከእኔ የበለጠ ጎበዞች አሉ። እኔ የማልፈራውን ነገር ይፈራሉ።

ቁጥር ወዳጅ፦
አልረሳነውም፣ ተራው አልደረሰም ነበር። ሊንድኲስት፣ ሶልና ቫን ፕራግ በ2015 የስዊድን የጉዲፈቻ ልጆችን መረጃ ተጠቅመው ይህንኑ ፈትሸዋል። ወላጅ የራሱ ስራ ካለው ልጁም የራሱን የመክፈት ዕድሉ በ60 በመቶ ገደማ ይጨምራል። በደም ነው ወይስ በአስተዳደግ? ሁለቱም አለበት፤ ግን የአሳዳጊዎቹ ድርሻ ከወላጆቹ እጥፍ ያህል ሆኖ ተገኝቷል። ይህ ለመምህራን ደስ የሚል ዜና ነው። ከታየ ነገር የሚመጣ ከሆነ፣ ማሳየት ይቻላል ማለት ነው።

አወያይ፦
"በወር ውስጥ የራስዎ አለቃ ይሁኑ" የሚለውን ማስታወቂያ አንስቻለሁ። የለጠፉት ሰው ክሩን እንዳላነበቡ ግልጽ ነው። ቀጥሉ።

ባለመብራቱ፦
እየተማርኩ ነው፣ ተባረኩ። እሺ፣ አሁን ወደ እኔ ቤት እንምጣ። ሰልጣኞቹን በቡድን አድርጌ ትንሽ ድርጅት ላስመስርታቸው ብዬ አስቤያለሁ። አክሲዮን ይሽጡ፣ ዕቃ ይስሩ፣ ይሽጡ፣ ዓመቱ ሲያልቅ ይዝጉት። ይህ ሀሳባቸውን ከፍ ያደርገዋል አይደል?

ቁጥር ወዳጅ፦
እዚህ ጋ ቁጭ በል። 🙂 ይኸው ያልከው ነገር ኔዘርላንድስ ውስጥ በአንድ የሙያ ኮሌጅ ተሞክሯል። ኮሌጁ ሁለት ግቢ ነበረው። አንዱ ግቢ ፕሮግራሙ አለው፣ ሌላው የለውም። ኦስተርቤክና ባልደረቦቹ ሁለቱን አነጻጽረው በ2010 አሳተሙ። ተማሪዎቹ አክሲዮን ሸጠዋል፣ ምርት ሸጠዋል፣ በመጨረሻም ድርጅቱን ዘግተዋል። ውጤቱ፣ ስለ ችሎታቸው ባላቸው ግምት ላይ ይህ ነው የሚባል ለውጥ የለም። ስራ የመክፈት ሀሳባቸው ግን ቀነሰ።

ባለመብራቱ፦
ቀነሰ?

ቁጥር ወዳጅ፦
ቀነሰ። አጥኚዎቹ ራሳቸው ካስቀመጧቸው ማብራሪያዎች አንዱ ልጆቹ ስራው ምን እንደሆነ ስላዩ ነው የሚለው ነው። በዚያው ዓመት ፎን ግሬቨኒትዝና ባልደረቦቹ ጀርመን ውስጥ ግዴታ የሆነ ኮርስ ተከታትለው ተመሳሳይ ነገር አይተዋል። በአማካይ ሀሳቡ ትንሽ ወረደ። የችሎታ ግምታቸው ግን ወጣ። እነሱ እንደ ማጥሪያ አዩት። አንዳንዱ "ይህ የእኔ አይደለም" ብሎ ይለያል፣ አንዳንዱ ይበልጥ ይቆርጣል።

ጨምሬ ልንገርህ። ቤይና ባልደረቦቹ በ2014 73 ጥናቶችን አንድ ላይ ጨምቀው አይተዋል። በትምህርቱና በሀሳቡ መካከል ያለው ዝምድና፣ ፍጹሙ 1 ቢባል፣ 0.143 ነው። ትንሽ ነው። ተማሪው ከመግባቱ በፊት የነበረው ሀሳብ ሲታሰብ ደግሞ ያቺም ጉልህ አልሆነችም፤ ማለት በአጋጣሚም ልትመጣ የምትችል ናት። በሌላ አነጋገር፣ ለብዙ ኮርስ የሚሰጠው ምስጋና ድሮም ሊከፍት ያሰበ ልጅ ስለተመዘገበ ሊሆን ይችላል።

ቀጥታ፦
ይሄውላችሁ! ይህን ሁሉ ሞጁል ማን ይጠይቅበታል?

ቁጥር ወዳጅ፦
አትቸኩል። ያንኑ ዓይነት የተማሪ ድርጅት ፕሮግራም ስዊድን ውስጥ ያለፉ ልጆች ከዓመታት በኋላ ተፈልገዋል። ኤለርትና ባልደረቦቹ ናቸው፣ በ2015። ድርጅት የመክፈት ዕድላቸውም ከዚያ የሚያገኙት ገቢም ከፍ ብሎ ነው የተገኘው። ድርጅቱ በህይወት የሚቆይበት ዕድሜ ላይ ግን ለውጥ አልታየም። ሁለቱን አገሮች ገጥመህ ጠቅላላ ህግ ማውጣት አይቻልም፤ ልጆቹም ዕድሜያቸውም ይለያያል። እኔ የምወስደው ይህን ነው። ኮርሱ ባለቀ ማግስት መጠይቅ በትኖ "ሀሳባችሁ ወጣ ወይስ ወረደ?" ማለት ብዙ አይነግርህም።

የሂሳብ ሰው፦
እኔ ከዳር ሆኜ ሳነብ ነበር። መጠይቁን ተማሪ ሆኜ ሞልቼዋለሁ። "ስራ ፈጣሪ ለመሆን ማንኛውንም ነገር ለማድረግ ዝግጁ ነኝ" ይላል፣ ከ1 እስከ 7። ማን ነው 2 ብሎ የሚያከብበው? ያውም አስተማሪው ፊት ለፊት ቆሞ? የሁላችንም 6 እና 7 ነበር።

ቁጥር ወዳጅ፦
😂 ልክ ነሽ። ሀሳብ ራሱ ደግሞ ተግባር አይደለም። ካውቶነን፣ ቫን ሄልደረንና ፊንክ በ2015 ኦስትሪያና ፊንላንድ ውስጥ ያሉ አዋቂዎችን በተለያየ ጊዜ ጠይቀው ነበር። የአይዘን ሶስት ነገሮች በሰዎቹ መካከል የታየውን የሀሳብ ልዩነት 59 በመቶ አብራሩ። ቀጥሎ ሀሳቡ፣ "እችላለሁ" ከሚለው ጋር ተደምሮ፣ የተግባሩን ልዩነት ያብራራው 31 በመቶ ነው። ትንሽ ነው አልልም፤ በማህበራዊ ጥናት ደህና ቁጥር ነው። ግን ቀሪው ሰፊ ነው። ገንዘቡ፣ ቦታው፣ ዋሱ፣ ጤናው፣ ዕድሉ።

የጋራዥ ልጅ፦
ዋሱ! ብድር ልጠይቅ ብል መጀመሪያ የምባለው "ምን ታስይዢያለሽ?" ነው። ዲፕሎማ መያዣ አይሆንም። የመካኒክ ዕቃ ሳጥን ብቻውን ስንት እንደሆነ የገዛ ያውቀዋል፤ ሊፍቱን አላነሳሁም። ጸጉር ስራ የተማረችው ጓደኛዬ ግን ዕቃዋን ቦርሳ ውስጥ ከታ ቤት ለቤት መጀመር ትችላለች። ስለዚህ "የሙያ ሰልጣኝ ሀሳብ" ብሎ አንድ ላይ መስፋት ልክ አይመስለኝም። አንዳንዱ ሙያ በር የለውም፣ አንዳንዱ የብረት በር አለው።

ባለብየዳው፦
የብረት በር ከሆነ እኔ ጋ ነይ። በቀብድ እንሰራለን። 😀
ቁም ነገሩን ግን ትክክል ብላለች። ከእኔ ወጥተው የራሳቸውን የከፈቱት ልጆች ማሽን ስላላቸው አይደለም የጀመሩት። ማታ ማታ የእኔን ይከራዩ ነበር። ኮሌጆቹ ያን ሁሉ ማሽን ከሰዓት በኋላ ቆልፈው ይሄዳሉ። ለተመራቂ በሰዓት ቢያከራዩ ምን ነበረበት?

የሂሳብ ሰው፦
መምህር፣ ሞጁሉን መለወጥ ካልቻልክ ቢያንስ አቀራረቡን ለውጥ። በ2017 ሳይንስ መጽሔት ላይ የወጣ የቶጎ ጥናት አለ። 1,500 ትንንሽ ነጋዴዎችን በሶስት ከፍለዋል። አንዱ ቡድን የተለመደውን የንግድ ስልጠና ወሰደ፤ ሂሳብ አያያዝ፣ ገበያ፣ እቅድ። ሁለተኛው በራስ ተነሳሽነት ላይ የሚያተኩር ስልጠና ወሰደ፤ ሳይጠብቁ መጀመርን፣ ችግርን አስቀድሞ ማየትን፣ ሲወድቁ መልሶ መሞከርን የሚያለማምድ። ሶስተኛው ምንም አልወሰደም። የሁለተኛው ቡድን ትርፍ በ30 በመቶ ጨመረ። የተለመደው ስልጠና 11 በመቶ ያህል ቢያሳይም በስታቲስቲክስ ጉልህ አልነበረም። እኔ የሂሳብ አያያዝ መምህር ሆኜ ይህን መጻፍ ትንሽ ይመረኛል። 😅 እነሱ ግን ነባር ነጋዴዎች ናቸው፣ ሰልጣኞች አይደሉም። ያ ይታሰብ።

ባለመብራቱ፦
እሺ። ከእናንተ ሰብስቤ የደረስኩበትን ልጻፍና ጥሉብኝ።

የባህሪ ዝርዝሩን በአንድ ክፍለ ጊዜ ጨርሼ እሻገራለሁ። የጨዋታ ድርጅት ማስመስረቱን ትቼዋለሁ። በምትኩ እያንዳንዱ ሰልጣኝ አንድ እውነተኛ ደንበኛ ይፈልጋል። ጎረቤት ሊሆን ይችላል፣ ሱቅ ሊሆን ይችላል። ስራው ትንሽ ይሁን፤ የሶኬት ጥገና፣ የመብራት ማብሪያ ለውጥ። ሄዶ ያያል፣ ዋጋ ያወጣል፣ ይደራደራል፣ ይሰራል፣ ገንዘቡን ይቀበላል። ውጤት የምሰጠው በስራው ጥራትና በዋጋ ወረቀቱ ነው። ባለብየዳው እንዳለው፣ የእጅ ዋጋ ያልተጻፈበት ወረቀት ይመለሳል። ሴቶቹ ከደንበኛ ጋር ሲነጋገሩ እኔ አብሬ አልቆምም፤ ከቆምኩ ሰውየው እኔን ነው የሚያናግረው። እንግዳ ደግሞ በቅርብ የተመረቁትን እጠራለሁ፣ ሞክሮ የዘጋውንም ጨምሮ።

ቀጥታ፦
ዘግቶ የተቀጠረውንም ጥራ። ስሜቱ ተሰብሮ እንዳልቀረ ይዩት።

የነጋዴ ልጅ፦
ገንዘቡን የሚቀበለው ልጁ ነው ወይስ ኮሌጁ? ኮሌጁ ከሆነ ዋጋ የለውም። የራሱ ኪስ ካልገባ ለፈተና ብሎ ነው የሚሰራው።

ባለመብራቱ፦
ልጁ ነው። ከአስተዳደሩ ጋር እጨቃጨቅበታለሁ።

የጋራዥ ልጅ፦
ስራው ቢበላሽስ? ልጁ ገመድ ቢያቃጥል፣ መብራቱ ሰው ቢይዝ? ኤሌክትሪክ እኮ ነው መምህር።

ባለመብራቱ፦
እሱ ነው የቀረኝ። ያሰብኩት እንዲህ ነው፦ ሰርቶ እንደጨረሰ እኔ ወይም ሌላ አሰልጣኝ ሳይፈትሽ መብራቱ አይለቀቅም። ፓኔል የሚነካ ስራ ጭራሽ አይፈቀድም። ለተበላሸ ዕቃ ግን ማን ይክፈል?

ባለብየዳው፦
ዕቃው ከሆነ ልጁ ይክፈል፣ ከእጅ ዋጋው። እኔ ጋም እንደዚያ ነው። አደጋ ከሆነ ግን ኮሌጁ ነው፤ ያንን በጽሁፍ ሳትይዝ አንድም ልጅ እንዳትልክ። ደንበኛውም ስራውን የሚሰራው ሰልጣኝ መሆኑን አውቆ ይፈርም። ወረቀቱን ካረቀቅክ እዚሁ ለጥፈው፣ እኔም ለልምምድ ልጆቼ እፈልገዋለሁ።